የ18 ዓመት ዊስኪ ስድስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቆይ 24 ይሞላዋል?

ጥያቄ፦ «ልጄ ስትወለድ የባለቤቴ ወንድም ከዱባይ ዱቲ ፍሪ ግሌንፊዲክ 18 የተባለ የስኮትላንድ ዊስኪ አመጣልኝ። ሲቆይ ይበልጥ ይጥማል ስለተባልኩ እንደ ወይን አጋድሜ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ሐሳቤ ለሰርጓ ልከፍተው ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ከደብሊን ሬድብሬስት 12 ይዞልኝ መጣና ማታ ከክትፎ በኋላ ከፍተን ቀመስነው። እሱ ዘቢብ፣ ቫኒላ፣ ቅመም እያለ ይቆጥራል፤ እኔን ከማቃጠል በቀር ምንም አልተሰማኝም። በረዶ ስጨምርበት ‹ገደልከው› አለኝ። የኔው አሁን 24 ሞልቶታል ማለት ነው? የአየርላንዱ ያቃጠለኝ 12 ዓመት ብቻ ስለሆነ ይሆን? ሰው ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣበት ጣዕም ለኔ ለምን አልገለጥ አለኝ?» — ከአዲስ አበባ

ምላሽ፦ ጠርሙሱ አሁንም ተጋድሞ ከሆነ መጀመሪያ ሄደው ያቁሙት። ወይን የሚጋደመው ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ ነው። የወይን አልኮል ግን 12 ወይም 13 በመቶ ሲሆን የእርስዎ ዊስኪ 40 በመቶ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ያለው አልኮል ያለማቋረጥ ሲነካው ቡሽ ይላላል፣ ይፈረፈራል፤ ጣዕሙንም ወደ መጠጡ ሊያወርድ ይችላል። ዊስኪ ቆሞ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ሙቀቱ በማይዋዥቅ ቦታ ይቀመጣል። ሌላ ጥበብ የለውም።

24 አልሞላውም። ዊስኪ ዕድሜ የሚቆጠርለት በርሜል ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ቀን ቆጠራው ይቆማል፤ መስታወት የሚሰጠውም የሚቀበለውም የለም። ልጅዎ 30 ዓመት ሲሞላት ቢከፍቱትም ያው የ18 ዓመት ዊስኪ ነው፤ ቡሹ ከከዳዎት ደግሞ ከ18 ዓመቱም ያነሰ ነገር ይጠጣሉ። ወይን ጠርሙስ ውስጥ መለወጡን ስለሚቀጥል ነው ብዙ ሰው ሁለቱን የሚያምታታው።

ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ዊስኪ ደንብ መጠጡ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር ባልበለጠ የኦክ እንጨት በርሜል፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቆይ፣ ሲታሸግም አልኮሉ ከ40 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። አየርላንድም ሦስት ዓመት ትጠይቃለች፤ በርሜሉ ግን ከእንጨት ይሁን እንጂ የግድ ኦክ መሆን የለበትም። መለያው ላይ «18» ሲባል እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀላቀሉት ዊስኪዎች ሁሉ የታናሹ ዕድሜ ነው። 30 ዓመት የሞላው ቢቀላቀልበት እንኳ በታናሹ ይጠራል። ቁጥር የሌለው ሁሉ ደግሞ ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ እኛ አገር የክብር እንግዳ የሚስተናገድበት ብሉ ሌብል መለያው ላይ ዕድሜ የለውም፣ ብላክ ሌብል ግን 12 ይላል።

ስለዚህ ዕድሜ የሚነግርዎት ዊስኪው እንጨት ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ነው፤ እንጨቱ ምን ዓይነት እንደነበር አይነግርዎትም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው። ከመዳብ ጋኑ የሚወጣው አዲስ መጠጥ እንደኛው አረቄ ነጭ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወደ 63.5 በመቶ ተቀጥኖ በርሜል ይገባል። በርሜሎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ የሚመጡ 200 ሊትር ገደማ የሚይዙ፣ ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ዊስኪ የነበረባቸው በርሜሎች ናቸው። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን በአዲስና ውስጡ በእሳት በተለበለበ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ስለሚያስገድድ፣ አንዴ የተጠቀሙበትን ለስኮቶችና ለአየርላንዶች ይሸጡላቸዋል። ሌሎቹ ከስፔን ሼሪ የተባለው ወይን የነበረባቸው ትልልቅ በርሜሎች ናቸው፤ 500 ሊትር የሚይዙ አሉ። የተለበለበው እንጨት ቫኒላውን፣ የቅርንፉድ ሽታውን፣ የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙን ይሰጣል። ከሰሉ የአዲሱን መጠጥ ድኝ ድኝ የሚል ሽታ ይቀንሳል፤ በእንጨቱ በኩል የሚገባው አየር ደግሞ የቀረውን ያለዝበዋል።

ይሁን እንጂ አንድ በርሜል የሚያገለግለው አንዴ ብቻ አይደለም። ቡና የሚያፈላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደማለት ነው። ቦርቦኑ ወይም ሼሪው ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዊስኪ የተሞላበት በርሜል አቦሉን ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር ቶና ነው። በረካ ላይ የደረሰ በርሜል ውስጥ 25 ዓመት የተኛ ዊስኪ፣ አቦል ላይ 12 ዓመት ከተኛው ያነሰ የእንጨት ጣዕም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቀለሙን አይቶ መፍረድም አያዋጣም፤ ስኮትላንድም አየርላንድም ቀለም ለማስተካከል ካራሜል መጨመር ይፈቀዳል። ጠቆር ማለቱን የዕድሜ ምስክር አድርገው የሚያቀርቡ አስተናጋጆችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሲያሽከረክሩት ብርጭቆው ላይ የሚወርደውን «እንባ» እያሳየ ጥራቱን የሚተነትን ሰው ካጋጠመዎትም፣ እሱ የሚያሳየው በዋናነት የአልኮሉን ብዛት ነው።

«ታዲያ አሮጌው ለምን ይወደዳል?» ቢሉኝ፣ ስለሚተን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በየዓመቱ ከበርሜሉ 2 በመቶ ገደማ አየር ላይ ይቀራል፤ እነሱ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ስሌቱን እንሥራው፦ 200 ሊትር የገባበት በርሜል በ18 ዓመቱ 139 ሊትር ገደማ፣ በ30 ዓመቱ 109 ሊትር ገደማ ይቀረዋል። በዚያ ላይ የመጋዘኑ ኪራይና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ዘመን አለ። ከፍ ያለው ዋጋ ጣዕሙ በዚያው ልክ ስለጨመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ለንደን ውስጥ ማካላን 1926 የተባለ አንድ ጠርሙስ የስኮትላንድ ዊስኪ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። ያ ገበያ የሰብሳቢዎች ነው፤ ከምላስ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር የለም።

አሮጌነትም ወሰን አለው። ሻይ ቅጠል ጀበናው ውስጥ ረስተውት ያውቃሉ? መጀመሪያ መዓዛውን ይሰጣል፤ ሲቆይ ምላስ የሚያደርቅ ምሬት ያመጣል። ኦክም እንዲሁ ነው። 30 ዓመት አልፎት የአጥር እንጨት እንደመላስ ያለ ዊስኪ ቀምሻለሁ። በሌላ በኩል ጎርደን ኤንድ ማክፌይል የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1940 በርሜል የገባ ግሌንሊቬት የተባለ ዊስኪ ከ80 ዓመት በኋላ በ44.9 በመቶ አልኮል አሽጎታል። በስኮትላንድ እርጥብና ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የአልኮሉ መጠን ራሱ ከዓመት ዓመት እንደሚወርድ፣ ከ40 በታች ከወረደም ዊስኪ ተብሎ ሊሸጥ እንደማይችል ሲያስቡት የበርሜል ምርጫ ምን ያህል እንደሚወስን ይገባዎታል። እንዲህ ያለው በርሜል ግን ከብዙ አንድ ነው። በኔ ግምት ለአብዛኛው የስኮትላንድ ነጠላ ብቅል ዊስኪ (ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ፋብሪካ ለተሠራው) ደጉ ዕድሜ ከ12 እስከ 20 ዓመት ባለው መካከል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዕድል ነው፤ ለዕድሉም ውድ ይከፈላል።

አሁን ወደ አየርላንዱ እንምጣ፤ «12 ብቻ» በማለትዎ ቅር ብሎኛልና። ረጅም ዕድሜ ያለው የአየርላንድ ዊስኪ የማይበዛው ታሪክ ስላለው ነው። የአየርላንድ ኢንዱስትሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክፉኛ ወድቆ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ጀምሰን፣ ፓወርስና የኮርክ ፋብሪካዎች ለመትረፍ ሲሉ ተዋሐዱ፤ ከ1975 ጀምሮም ሥራቸውን ኮርክ አውራጃ ሚድልተን ላይ በተሠራው አዲስ ፋብሪካ ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ ኩሊ የተባለው ፋብሪካ በ1987 እስኪመጣ ድረስ በመላው ደሴት ዊስኪ የሚያወጡት ሚድልተንና በሰሜን ያለው ቡሽሚልስ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የ40 ዓመት የአየርላንድ ዊስኪ ለመሸጥ ያኔ የሞላ በርሜል ያስፈልግ ነበር፤ የሞሉት ጥቂት ናቸው። (በላቲን ፊደል ሲጽፉት አየርላንዶች ከስኮቶቹ አንድ ፊደል ያስበልጣሉ። በአማርኛ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነን።)

ሬድብሬስት የሚድልተን ልጅ ነው፤ ከብቅልና ብቅል ካልሆነ ጥሬ ገብስ ተደባልቆ ይሠራል። ልማዱ የመጣው ከግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ብቅል ላይ ግብር ሲጣል አየርላንዶች ያልተቀረጠውን ጥሬ ገብስ ማብዛት ጀመሩ፤ ግብሩ አለፈ፣ ጣዕሙ ቀረ። ጥሬው ገብስ ለመጠጡ ቅመም ቅመም የሚል ጠርዝና ስስ አጥሚት ምላስ ላይ የሚተወውን ዓይነት ልስላሴ ይሰጠዋል። ከመዳብ ጋኑ ሦስት ጊዜ ስለሚወጣ አካሉ ጠርቷል፤ በርሜሎቹም የቦርቦንና የሼሪ ናቸው። ጓደኛዎ ዘቢብ ያለው ከሼሪው በርሜል ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም። «አየርላንድ ለስላሳ፣ ስኮትላንድ ጭስ» የሚለውንም ይርሱት፤ የእርስዎ ግሌንፊዲክ ጭስ የለበትም፣ ኮኔማራ የተባለው የአየርላንድ ዊስኪ ግን አለበት።

ያቃጠለዎት ታዲያ ዕድሜው አይደለም። ሁለቱም ጠርሙሶችዎ 40 በመቶ ናቸው። አፍና ጉሮሮ ውስጥ ሙቀት የሚለዩ የነርቭ ተቀባዮች አሉ፤ በተለምዶ 42 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው «ተቃጠልን» የሚሉት። አልኮል ሲነካቸው ይህ ወሰን ወደ 34 ገደማ ይወርዳል። የሰው አፍ ሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው፤ ያቃጠለዎት የራስዎ ሙቀት ነው ማለት ይቻላል። ሚጥሚጣም የሚቀሰቅሰው ይህንኑ ተቀባይ ነው። እርስዎ ደግሞ ክትፎ በልተው፣ ሚጥሚጣው ከከንፈርዎ ሳይለቅ፣ እሳት ላይ እሳት ጨመሩበት። በዚያ ምሽት 50 ዓመት የሞላው ዊስኪ ቢቀርብልዎትም ያው ነበር።

በረዶውም ጓደኛዎ እንዳለው ባይገድለውም አስተኝቶታል። ቅዝቃዜ ቃጠሎውን ሲያደበዝዝ ሽታውንም አብሮ ያስተኛል፤ ከዊስኪ ጣዕም አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ በአፍንጫ ነው። ሲቀዘቅዝ ደፍረስ ቢል አይስጉ፤ አንዳንድ ቅባትነት ያላቸው የመዓዛ ቅንጣቶች ሲረጉ ነው፣ ብልሽት አይደለም። የሚያስፈልግዎት ውሃ ነው፤ ለብ ያለም የቀዘቀዘም ያልሆነ፣ ጋዝ የሌለበት ውሃ። አምቦ ውሃ አፍ ለማጽዳት ግሩም ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን የጋዙ ንክሻ ጣዕሙን ይሸፍነዋል። «ውሃ መጨመር ማበላሸት ነው» የሚለው ፉከራ መሠረት የለውም። የስዊድኑ ሊኔዎስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በኮምፒውተር ባሳዩት ስሌት፣ ለጭሳማው መዓዛ ድርሻ ያለው ጓያኮል የተባለ ቅንጣት የአልኮሉ መጠን ከ45 በመቶ በታች ሲሆን ወደ መጠጡ ገጽ ይጠጋል፤ 59 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን አልኮሉ ከቦ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ዊስኪ የሚያዋህዱ ባለሙያዎችም ሲያሸቱ እስከ 20 በመቶ ገደማ ያቀጥኑታል። እነሱ ካላፈሩበት እርስዎም አይፈሩበት።

አቀማመሱን እንዲህ ያድርጉት። ከምግብ በፊት፣ ሽቶ ሳይቀቡ፣ እጣንና ቡና ባልጨሰበት ክፍል ይቀመጡ፤ እኛ ቤት ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብርጭቆው ከታች ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ብርሌ ትዝ ካለዎት ቅርጹ ልክ ነበር፤ አንገቷ አፍንጫ አታስገባም እንጂ። ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። ግማሽ መለኪያ ቀድተው አሥር ደቂቃ ይተዉት። ወይን እንደሚያሸት ሰው አፍንጫዎን ነክረው አይሳቡ፤ አልኮሉ ቀድሞ ይመታዎትና ማሽተትዎን ያደነዝዘዋል። አፍዎን ገርበብ አድርገው ከሩቅ ወደ ቅርብ በአጭር በአጭሩ ያሽትቱ። የመጀመሪያዋን ፉት አይፍረዱባት፤ አፍ ለማለማመድ ብቻ ናት። ሁለተኛዋን በትንሹ ወስደው ምላስዎ ላይ አሥር ሰከንድ ያህል ያንከባሏት፣ ይዋጡ፣ ከዚያ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ። ጓደኛዎ የሚያወራለት ዘቢብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህች ትንፋሽ ላይ ነው። ቀጥሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ይጨምሩ፤ 25 ሚሊ ሊትር ዊስኪ ላይ አንድ ማንኪያ አልኮሉን ከ40 ወደ 33 በመቶ ያወርደዋል። እንደገና ያሽትቱ። ከሁለት ማንኪያ በላይ ግን በነዚህ ጠርሙሶች ላይ አልመክርም፤ ጣዕሙ ይሳሳል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያቅርቧቸው፣ ግን በዕድሜ ቅደም ተከተል አይሂዱ። መጀመሪያ ግሌንፊዲኩን ይቅመሱ፤ ለዘብ ያለ ነው፣ የበሰለ ፖም፣ ቀረፋና እንጨት ይፈልጉበት። ወፍራሙና ቅመማሙ ሬድብሬስት ይከተል። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። ያልሠለጠነ ሰው አንዱን ብቻ ቀምሶ ብዙ የሚለው አይኖርም፤ ሁለት ሲያወዳድር ግን አፉ ይፈታል።

ቃል ያጣሁ መሰለኝ ለሚለው ስሜትዎ ደግሞ፣ ጠርሙሱ ላይ ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል አያሳድዱ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ዘቢብ፣ ማር፣ የብርቱካን ልጣጭና በሶ በስድስት ሲኒ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ይደርድሩ፤ አንዴ ሲኒውን፣ አንዴ ብርጭቆውን ያሽትቱ። በሶው ያስገርምዎታል፤ ዊስኪ ከሁሉም በፊት ገብስ ነው። ጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያደገ አፍንጫ እንዲያውም ከብዙ አውሮፓዊ ይቀድማል። የስኮትላንድ ደሴት አይላ ላይ ብቅሉን በአብዛኛው የሚያደርቁት ፒት በሚባል፣ ከረግረግ ተቆርጦ እንደ ኩበት ደርቆ በሚነድ አፈር ጭስ ነው። ላጋቩሊን 16 ቢያገኙ ወደፊት ይሞክሩት። በጭሳሙ ወገን ግን ዕድሜ ሲጨምር ጭሱ እየረገበ ይሄዳል፤ ጭስ የሚወድ ሰው ለአሮጌው ተጨማሪ መክፈል የለበትም፣ አርድቤግ 10 ይበቃዋል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ዋጋው ከዱቲ ፍሪ በታች የሆነ የታወቀ ስም፣ ማሸጊያው የተነካካ ወይም መለያው የተዛነፈ ጠርሙስ አይግዙ፤ አስመስለው በሚሞሉት ውስጥ ሜታኖል ካለበት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። የእርስዎን ጠርሙስ ሲጨርሱ መለያውን ቀድደው ነው ለቆራሌ መስጠት። እርሳስ ባለበት ክሪስታል ማንቆርቆሪያ ውስጥ መጠጥ አያሳድሩ፤ እርሳሱ ወደ መጠጡ ይገባል። ውሃ ያቀጥነዋል እንጂ የሚጠጡትን ጠቅላላ አልኮል አይቀንሰውም፤ ስለዚህ ቀምሰው መኪና አይያዙ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይቅመሱ።

ምክሬ አንድ ነው፦ ግሌንፊዲኩን በዚህ ወር ይክፈቱት። ስድስት ዓመት የተጋደመ ቡሽ ሌላ 20 ዓመት ይችላል ብዬ አልወራረድም፤ ቢችል እንኳ አንዲት ጠብታ የሚጨምርልዎት ነገር የለም። ሲከፍቱ ቡሹን አይጠምዝዙ፤ አንገቱን ይዘው ጠርሙሱን ቀስ እያሉ ያዙሩት። ቢሰበርም በንጹሕ የቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልለው፣ የሌላ ዊስኪ ባዶ ጠርሙስ ቡሽ አጥበው ይክደኑት። ከተከፈተ በኋላ እስከ ግማሹ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ሳይከፋው ይቆያል፤ ከሲሶው በታች ሲወርድ አየሩ ስለሚበዛበት በሁለት ሦስት ወር ይጨርሱት ወይም ወደ ትንሽ ጠርሙስ ያዛውሩት። ለሰርጓ ጠጅ ይጣሉ። የግድ ዊስኪ ካሉ ደግሞ ያን ጊዜ፣ የሰርጉ ሰሞን፣ በርሜል ውስጥ አብሯት ያደገ የ20 ወይም የ25 ዓመት ጠርሙስ ይግዙላት፤ እስከዚያ እኩያዋን ስኮትላንዶች ያቆዩልዎታል።